አባቴና የምጽዋ የመልስ ቲኬት

መሳቢያዬ ውስጥ ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር አለ። የመጀመሪያው ገጽ ራስጌ «የምጽዋና የዳህላክ ጉዞ፣ ሐምሌ 2010» ይላል። ከሥሩ ያለው አባቴ እየተናገሩ እኔ የጻፍኩት ዝርዝር ነው፦ በየትኛው ወር እንደሚኬድ፣ የት እንደሚታደር፣ ምን እንደሚበላ፣ ለአንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር ውኃ እንደሚያዝ፣ ከየትኛው ደሴት ተነሥቶ ወደየትኛው እንደሚታለፍ። ያ ጉዞ እስከ ዛሬ አልተደረገም።

ሰሞኑን ስለ ቀይ ባሕር ያልጻፈ የለም። እናንተም የተባለውን ሁሉ ተከታትላችኋል። ስለ ዓለም አቀፍ ሕግም ሆነ ስለ ጦር አሰላለፍ እኔ የምጨምርላችሁ የለኝም። ያለኝ አንድ ደብተርና አንድ ሽማግሌ ነው። «ዱቄት በዚህ ዋጋ በሚሸጥበት ዘመን የምን የሽርሽር ወሬ ነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እየየም ሲደላ ነው። ቢሆንም የአባቴን ጉዞ ከባሕር በሩ ክርክር ለይቼ ማየት አቅቶኛል። ስለዚህ ልንገራችሁ።

አባቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ቤታችን ከመሐል ሜዳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አልፎ የተቀመጠ፣ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊቱን አመዳይ የሚጥልበት፣ ከገብስና ከበግ ሌላ ብዙ የማያውቅ፣ ሰዉ ከገዛ በጎቹ ጠጉር በተሠራ ባና ተጠቅልሎ የሚያድርበት ደጋ ነው። ከዚህ ብርድ መሀል በ1964 ዓ.ም. አንድ የ19 ዓመት ልጅ ተነሥቶ ሄደና ባሕር ኃይል ተቀጠረ። ለምን እንደሄዱ በጠየቅኋቸው ቁጥር የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነው፦ «ሙቀት ፍለጋ።»

ሙቀቱንስ አገኙት። ምጽዋ በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች። ሌሊቱም አያሳርፍም፤ ሰው አልጋውን ደጅ ወይም ጣራ ላይ አውጥቶ ነው የሚተኛው። የመንዙ ልጅ ባናውን ተሸክሞ ሰፈሩ በር ላይ ሲደርስ ጓደኞቹ እንዴት እንደሳቁበት ሲያወሩ ዛሬም ራሳቸው ይስቃሉ። ባናዋን በኋላ ለአንድ የአስመራ ሰው ሸጧት። አስመራ ብርድ ነው።

ካርታ ካላችሁ ዘርጉትና ማስመሪያ አስቀምጡበት። ከመሐል ሜዳ ተነሥታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ሰሜን ብታሰምሩ መስመሩ ምጽዋ አጠገብ ይወጣል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። በመካከላቸው ያለው በወፍ በረር 600 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይህንን በልጅነቴ ያሳዩኝ አባቴ ናቸው፤ በክብሪት እንጨት፣ በትምህርት ቤት አትላስ ላይ። «ከደጃችን ቀጥ ብሎ ነው» አሉኝ። ለብዙ ዓመታት ከቤታችን ጀርባ ያለውን ኮረብታ ብወጣ ባሕር የሚታየኝ ይመስለኝ ነበር።

ባሕር ኃይሉ ያኔ ገና ወጣት ነበር። በ1940ዎቹ ተመሥርቶ ዋና ሰፈሩን ምጽዋ አደረገ፤ ሲቋቋም ኖርዌያውያን መኮንኖች ረድተውታል። ዋናዋ መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። በንጉሡ ዘመን በባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካ፣ የሶቪየት፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ምጽዋ ላይ መልሕቅ ይጥሉ ነበር። በየባሕሩ የሚፈራሩ ሰዎች አንድ ወደብ ላይ ሰላምታ ሲለዋወጡ አባቴ ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመው አይተዋል። ሥራቸው የሞተር ክፍል ነበር። 19 ዓመት ሙሉ በምጽዋ፣ በዳህላክና በአሰብ መካከል ሲመላለሱ ኖሩ። ዓመት ፈቃድ ሲያገኙ ወደ መንዝ ይመጣሉ፤ እኛም በዚያ ፈቃድ መካከል ተወለድን።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ እሳቸው አሰብ ነበሩ። ምጽዋ ከቀሩት ጓደኞቻቸው ብዙዎቹ አልተመለሱም። ግንቦት 1983 ደግሞ ሁሉም አበቃ። መርከቧ «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሸሸች፤ ኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አባቴ ከብዙ ሺህ ወታደር ጋር በእግራቸው ወደ ጅቡቲ ወጡ። ክረምቱ ሳይወጣ ቤት ደረሱ። እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በር ላይ የቆመውን ጠቋራ ቀጭን ሰው ለማኝ መስሎኝ «እማዬ፣ ሰው መጥቷል» ብዬ እናቴን ጠራኋት።

ከኪሳቸው ያወጡት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መዳፍ የሚያህል የባሕር ዛጎል። እናቴ አገላብጣ አየችውና የጨው ማስቀመጫ አደረገችው። ጨዋችን እስከ ዛሬ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሌሊቶች የባሕር ሌሊቶች ነበሩ። ውጭ ውርጭ፣ ውስጥ የኩበት እሳት፣ አባቴ ደግሞ ስለ ሙቀት ያወራሉ። ደብረ ብርሃንን ሳላውቅ ኖኩራን አውቃት ነበር። ለማያውቃት፦ ዳህላክ ማለት ከምጽዋ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ የተበተኑ ከ120 የሚበልጡ ደሴቶች ናቸው። ሰው የሚኖርባቸው በጣት ይቆጠራሉ። ጠፍጣፋ፣ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ፣ ዛፍ የማይበዛባቸው፣ የሚጠጣ ውኃ የሚያጥርባቸው ናቸው። በትልቁ ደሴት በዳህላክ ከቢር በኩፊክ ፊደል የተጻፈባቸው የጥንት እስላማዊ የመቃብር ድንጋዮችና ከዐለት የተፈለፈሉ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች አሉ። በመካከለኛው ዘመን ደሴቶቹ የራሳቸው ሱልጣን ነበራቸው። ሕዝቡ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ዕንቁ ፍለጋም ይጠልቅ ነበር። ኖኩራን ጣሊያን እስር ቤት አደረጋት፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ የሶቪየት ባሕር ኃይል ሰፈር ሆነች። አባቴ እዚያ ከሩሲያውያን ጋር በምልክት እየተግባቡ ሞተር ጠግነዋል። ሩሲያኛቸው ዛሬም ሁለት ቃል ነው፤ አንዱ ስድብ ነው።

ስለ ደሴቶቹ ሲያወሩ ግን ጦርነት አያነሡም። የሚያነሡት የውኃውን መልክ ነው። ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ውኃው እንደ መስተዋት ሆኖ ከጀልባው ሥር ዓሣው፣ ኮራሉ፣ አሸዋው እንዴት እንደሚታይ። «ታች ሌላ አገር አለ» ይሉናል። እናቴ ከወዲያ ሆና «አሁንማ ጀመሩት» ትላለች።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ20 ዓመት በኋላ አስመራ በረረ። ሰዉ ከመብዛቱ የተነሣ በአንድ አውሮፕላን አልበቃም፤ ሁለት ተነሡ። አባቴ ለእህቴ ልጅ ክርስትና መጥተው አዲስ አበባ እኔ ቤት ነበሩ። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ነው ያዩት፤ «አባዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» ብንላቸውም አልተቀመጡም። ሰዎቹ ከአውሮፕላን ወርደው ዘመዶቻቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ደብተር አምጣ» አሉ።

የመጀመሪያው መመሪያ፦ በክረምት አይኬድም። የሚኬደው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። ያኔ ምጽዋ ትበርዳለች፤ መብረድ ማለት 25 ዲግሪ ግድም ነው። የምጽዋ ጥቂት ዝናብም የሚወርደው ያኔ ነው። እኛ ዘንድ መሬቱ በውርጭ ሲደርቅ እዚያ ያካፋል። ይህ ነገር አባቴን በወጣትነታቸው በጣም ያስገርማቸው ነበር፤ ሰማዩ ተገልብጦ የተሰፋ ይመስላቸው ነበር።

ሁለተኛ፣ አስመራ አንድ ሌሊት ማደር። ከዚያ በጠዋት አውቶቡስ። መንገዱ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ተነሥቶ ባሕር ወለል ላይ ያርፋል። «በየጠመዝማዛው አንድ አንድ ልብስ ታወልቃለህ» ይላል ዝርዝሩ። ሳይደርሱ ዶጋሊ ላይ መውረድ፣ ራስ አሉላ በጥር 1879 የጣሊያንን ጦር የደመሰሱበትን ቦታ ማየት። ምጽዋ ራሷ ግማሽዋ ደሴት ነች፤ ጥዋለትና አሮጌው ከተማ ሁለት ደሴቶች ሆነው በባሕር ላይ በተሠራ መንገድ ከየብስ ጋር ተያይዘዋል። ጥዋለት ላይ የንጉሡ ቤተ መንግሥት አለ፤ በጥይት የተበሳሳ እንደሆነ ሰምተዋል። ምሽት ላይ ዓሣ፣ እንደ የመኖች በምድጃ ተጠብሶ፣ ከትኩስ ቂጣ ጋር። «በእጅ ነው የሚበላው» ተብሎ ከሥሩ ተሰምሮበታል፤ አባቴ ሹካ አይወዱም።

ከዚያ ዳህላክ። ሁለት ሌሊት። ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ውኃ። ሽርጥ። ኮራል እግር ስለሚቆርጥ ሸራ ጫማ።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ስሞች አሉ። የባሕር ዳርቻው ላይ ቆሜ የምጠራቸው ናቸው ብለው እየቆጠሩ አስጻፉኝ። 11 ናቸው። እዚህ አልጽፋቸውም።

እውነቱን ለመናገር ያኔ እኔም ከሳቸው ባልተናነሰ ተስፋ ነበረኝ። በነሐሴ መጨረሻ «መቀሌ» የተባለችው የኢትዮጵያ መርከብ ምጽዋ ወደብ ገብታ ማዕድን ስትጭን አይተናል፤ ከ20 ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበረች። መስከረም 1 ቀን 2011 ድንበሩ በዛላምበሳና በቡሬ ተከፈተ። ሰዉ ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ፈቃድ በሚኒባስ አስመራ ደርሶ ይመለስ ነበር። ጎረቤቴ ሄዶ ፎቶ ላከልኝ፤ ጉርጉሱም የባሕር ዳርቻ ላይ ሱሪውን ጠቅልሎ ቆሟል። አባቴ ፎቶውን አይተው «በዚህ ሙቀት? ሞኝ» አሉ። እኛ እየጠበቅን ነበር። በትክክለኛው ወቅት፣ በአውሮፕላን፣ በሥርዓቱ ልንሄድ። ዛሬ ሳስበው ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ አገራችን ውስጥ የተከፈተ በር ነገ ክፍት ይሆናል ብሎ ወቅት መጠበቅ።

አንድ ነገር ብቻ ፈርቼ ነበር። የውጭ አገር ሰው ከአስመራ ወጥቶ ለመሄድ የጉዞ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ለዳህላክም ሌላ ፈቃድ እንዳለ ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ። 19 ዓመት የኖሩበት ቦታ ነው። ዝም ብለው አሰቡና «ልክ ናቸው፤ እንግዳ ያስፈቅዳል» አሉ። ስለ ኤርትራ ነጻነት ከሳቸው አፍ የሰማሁት ረጅሙ አስተያየት ይኸው ነው።

ፓስፖርቱ ቆየ። የቀበሌው ወረቀት ላይ ያለው ስማቸው በአንድ ፊደል ከሌላው ወረቀት ይለያል፤ የልደት ዘመናቸውም በሁለት ዓመት። ምስክር፣ ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ቀጠሮ። በሚያዝያ 2011 እጃችን ገባ። ዛላምበሳ ግን ታኅሣሥ ላይ ለተራው ሰው ተዘግቶ ነበር፤ ወቅቱም አለፈ። በኅዳር 2012 እንሄዳለን ስንል እናቴ ታመመች። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣ። ጥቅምት 2013 ጦርነት። ኅዳር 2014 ጦርነቱ መዘዞና ሞላሌ ደረሰ፤ ያን ሰሞን ሰው ስለ ባሕር አላሰበም። ነሐሴ 28 ቀን 2016 አየር መንገዳችን የአስመራ በረራውን አቋረጠ። ሰማያዊው ደብተር መሳቢያ ውስጥ ገባ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጊዜ ሞክረናል። በጥር 2012፣ እናቴ ሲሻላት፣ አባቴን ዝዋይ ወሰድኳቸው። ዝዋይ አምስት ደሴቶች አሉት። አንደኛው ስሙ ደብረ ሲና ነው። «የኛ ደብረ ሲና ከጣርማ በር ሥር ቁልቁለት ነው፤ ይኸኛው እንዴት እዚህ ዋኝቶ መጣ?» አሉ። ጀልባ ላይ ሲወጡ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። የገመዱን ቋጠሮ ፈትተው ደግመው ቋጠሩት። ሞተሩን ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሰሙና ለልጁ «ሻማው ቆሽሿል» አሉት። የሕይወት ጃኬቶቹን ቆጥረው ከሰዉ ቁጥር ማነሳቸውን ሲያዩ ካልተሟላ አንነሣም ብለው ግማሽ ሰዓት አስቆሙን። ልጁ መጀመሪያ ተናደደ፤ ስንመለስ «ካፒቴን» እያለ ይጠራቸው ነበር። ሐይቁ መሀል ላይ እጃቸውን ነክረው ቀመሱ። ምንም አላሉም። ማታ ሆቴል ስንገባ «ጥሩ ውኃ ነው፤ ጨው የለውም እንጂ» አሉኝ።

ጅቡቲስ? ብዬ ነበር። ባቡር አለ፣ ፓስፖርቱ ተይዟል፣ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ደሴቶችም አሏት። «ጅቡቲን አይቻታለሁ» አሉ። «በባዶ እግሬ።»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ቀን ከመንደራችን ባሕር አይቶ የሚያውቅ ማነው ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ከአባቴ ዕድሜ አራት ሰዎች አሉ፤ ሁሉም በወታደርነት። ሁለቱ እዚያው ቀሩ። ከኔ ዕድሜ አንድ ልጅ አለ፤ በ1991 ክረምት ቡሬ ግንባር ሄዶ ነበር። ባሕሩን አላየም፤ ሽታው ይመጣል ብሎ ግን ጽፎልን ነበር። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ከታናናሾቻችን ሴቶቹ ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ ባሕሩን ከአውሮፕላን መስኮት አይተውታል፤ ወንዶቹ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን ተሻግረዋል። በ2016 መጋቢት ማለቂያና ሚያዝያ አጋማሽ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ጅቡቲ ጠረፍ ጎዶርያ አካባቢ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ስንት ኢትዮጵያዊ እንደሞተ አንብባችኋል። የኛ ቀበሌ ልጆች በዚያ ቀን አልነበሩበትም። በሌላ ቀን ነበሩበት።

ቆጥሬ ስጨርስ አንድ ነገር ገባኝ። ከአገራችን ሰው ባሕሩን በእንግድነት አይቶት የሚያውቅ የለም። ወይ ጠመንጃ ይዞ ሄዷል፣ ወይ ሸሽቶ። ዓሣ በልቶ፣ እግሩን ነክሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በያዘው ቲኬት ወደ ቤቱ የተመለሰ አንድም መንዜ አላገኘሁም። አባቴ የመጀመሪያው ሊሆኑ ነበር። በ2010 «ደብተር አምጣ» ያሉኝ ቀን የተቆጡ አልመሰለኝም፤ የተመኙት ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሄዶ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን እንደ ሰው መመለስ ነበር።

ስለዚህ የባሕር በር ክርክሩን ስሰማ ጆሮዬ የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። በጥቅምት 2016 ጉዳዩ በይፋ ከተነሣ ጀምሮ ሁለት ዓይነት ሰው እሰማለሁ። አንደኛው ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በአንድ ጎረቤት ወደብ ላይ ተንጠልጥሎ አይኖርም ይላል። እውነቱን ነው፤ ከንግዳችን ከ90 በመቶ በላዩ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው፤ የማዳበሪያው መርከብ ሲዘገይ መንዝ ላይ ያለው ገበሬም ያውቀዋል። ሁለተኛው ጉዳዩን ማንሣት ራሱ ጦርነት መጥራት ነው ይላል፤ በዚህ አልስማማም። አገር የጎደለውን መናገር ይችላል። ታኅሣሥ 2016 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም፣ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር መግለጫ ሲወጣ፣ ቢያንስ ጉዳዩ ወረቀትና ብዕር ላይ ነበር። ስለ 20 ኪሎ ሜትሩ ጠረፍ በስልክ ስነግራቸው አባቴ «ለዋና ይበቃል» አሉ።

የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ድምፅ ነው። አሁን አሁን እየበረታ የመጣው፣ አሰብን በቀናት የሚቆጥረው። ያን የሚሉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ደህና ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ በቀናት ተቆጥሮ የሚኬደው በማን እግር እንደሆነ ግን የኛን አገር ሰው መጠየቅ ነው። የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ 19 ዓመት ሞላው። ባሕር ኃይሉ እንደገና መቋቋሙን ሰምቶ «አያቴ የነበሩበት ነው፤ እኔስ ይቀጥሩኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ለአባቴ ነገርኳቸው። ስልኩን ለልጁ እንድሰጠው አዘዙኝና የተናገሩትን ልጁ ነው የነገረኝ፦ «እኔ ባሕሩን ልየው አልኩ እንጂ ልውሰደው አላልኩም። አንተም ማየት ከፈለግህ ቲኬት ቁረጥ።»

ቲኬት መቁረጥ ግን ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የከበደው? ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበር፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የተቀመጠ። በ1842 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ከሸዋ ተነሥቶ በየብስ ወደ ሰሜን ሄደ። ወሎ ላይ አንድ ባላባት ይዞ ዘረፈው፤ ያለውን ሁሉ አጥቶ፣ እየለመነ፣ ሁለት ወር ያህል ፈጅቶ ምጽዋ ደረሰ። ዘመነ መሳፍንት ነው እንግዲህ፤ በየወንዙ ሌላ ጌታ፣ በየበሩ ሌላ ቀረጥ። ታሪኩን ለአባቴ ሳነብላቸው ያዘኑለት መስሎኝ ነበር። «ደርሷል አይደል?» አሉኝ።

እኛ ደግሞ አሁን የያዝነው ጉዞ ምጽዋ አይደለም። አዲስ አበባም አይደለም። ደብረ ብርሃን ነው።

አባቴ 73 ዓመታቸው ነው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ እየወረደ ነው፤ ግራው ከብርሃን በቀር አይለይም፤ ቀኙ ገና ሰው ይለያል። ሐኪም እንደሚለው ቀላል ሥራ ነው፤ ይነሣል፣ ማግሥቱን ፋሻው ይፈታል፣ ያያሉ። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰላሙ ጊዜ ጠዋት የተነሣ መኪና ከሰዓት በፊት ይገባ ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ግን ያ መንገድ አንዱ ሲከፍተው ሌላው ይዘጋዋል። አንድ ሳምንት መኪና ያልፋል፤ በሚቀጥለው ሰው ከመኪና ወርዶ ይመለሳል። አንዳንዴ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። መንዝን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አገሩ በገደል የተከበበ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ እያንዳንዱ አምባ ለብቻው ይቀራል፤ ወዲያ ማዶ ሰው ይታያል፣ አይደረስበትም። እናቴ «አሁንስ ዳህላክ ሆንን» አለች አንድ ቀን። ስታላግጥባቸው ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

ሦስት ጊዜ ቀጠሮ አስይዤ ሦስት ጊዜ አለፈ። መጀመሪያ መንገድ ተዘጋ። ሁለተኛ መዘዞ ደርሰው ተመለሱ፤ ከተማ ውስጥ መኪና ላይ ሲያድሩ ብርድ መታቸውና አንድ ወር ሳሉ። ሦስተኛ እሳቸው ራሳቸው እምቢ አሉ፤ «ለዓይን ብዬ እግሬን አላጣም።» የባሕር በርን ጉዳይ የያዙ ሰዎች እነዚህን 150 ኪሎ ሜትሮች ከዚያኛው ነገር ጋር አያገናኟቸውም፤ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አንድ ደብተር ላይ ነው የጻፍኳቸው።

ያለፈው ቅዳሜ ስልክ ገባልኝ። ድምፃቸው ደህና ነው። ስለ ቀይ ባሕር ዜናው ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሰሙና ዝም አሉ። ከዚያ «ደብተሩ አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ አባዬ።»

«አውጣው።»

አወጣሁት። ከዳህላኩ ዝርዝር ቀጥሎ አንድ ባዶ ገጽ ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በገበያ ቀን ነው የሚኬደው፤ ሰው ስለሚበዛ መኪና አይጎድልም፣ የሚያስቆምም ቢሆን ቶሎ ያሳልፋል። ከሾፌሩ ጀርባ ሁለተኛው ወንበር። ባና መያዝ፤ ጣርማ በር ላይ ያሳድሩን ይሆናል። ቆሎ፣ ሁለት ሊትር ውኃ። የታደሰው መታወቂያ በደረት ኪስ፣ የድሮው የባሕር ኃይል መታወቂያ ቤት ይቀመጥ፤ የሚያየው ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ከኔ ጋር የወንድምህ ልጅ አይምጣ፣ ወጣት ነው፣ መንገድ ላይ ያስቸግሩታል፤ እናትህ ትምጣ። አንተም ከአዲስ አበባ ወደዚህ እንዳትመጣ፤ ደብረ ብርሃን ጠብቀን።

ሁሉንም ጻፍኩ። ልዘጋ ስል «ቆይ» አሉኝ።

«መመለሻውስ? መመለሻውን አልጻፍነውም።»

የመመለሻውን ቀን ሐኪሙን ጠይቄ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰኞ ማታ እደውላለሁ፤ ኔትወርክ ካለ።